ሚስማር ላይ ያልተሰቀለ ነጠላ

የባና ፋብሪካው በር አጠገብ ግድግዳው ላይ አርባ ስምንት ሚስማር ተመቷል። ጠዋት ሴቶቹ ሲገቡ እያንዳንዷ ነጠላዋን አውልቃ በየራሷ ሚስማር ላይ ትሰቅላለች፤ ሽርጧን ታስራ፣ ሻሿን አጥብቃ ወደ ውስጥ ታልፋለች። ሁለት ሰዓት ሲሆን ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ማንነት ደጅ የሚቀርበት ግድግዳ» ብዬ ጻፍኩ። ያን ገጽ አልቀደድኩትም። ሳነበው ግን ፊቴ ይግላል።

ፋብሪካ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ዳር የቆሙ ሁለት የቆርቆሮ አዳራሾች ናቸው። ከጉና በጎች የተሸለተ ሱፍ በጆንያ ይመጣል፤ ይታጠባል፣ ይበጠራል፣ ይፈተላል፣ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባና ሆኖ ይወጣል። ዋናው ማሽን ሱፉን የሚያበጥረው ነው። ሴቶቹ «መንደፊያው» ይሉታል። የሽቦ ጥርስ የለበሱ፣ ከበሮ የሚያካክሉ በርሜሎች ፊት ለፊት ይሽከረከራሉ፤ የተድበለበለው ሱፍ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው እንደ ጉም ሳስቶ ይወጣል። ሲገዛም አሮጌ ነበር። ጎኑ ላይ ባለው የብረት ሰሌዳ የተሠራበት የአሜሪካ ከተማ ስም ተቀርጿል። እኔ ከተማርኩበት ከተማ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም።

ርብቃ እባላለሁ። አባቴ እዚሁ ደብረ ታቦር መምህር ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቴ አሜሪካ ሄጄ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ተመለስኩ፤ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ማለት ነው። በአዲሱ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተምራለሁ። ተመለስኩ እላለሁ እንጂ አንዱን ሻንጣዬን እስካሁን አልፈታሁትም። አባቴ ሲሞት እዚያ ነበርኩ፤ በማግስቱ ፈተና ነበረብኝ፤ ተፈተንኩ። ነጠላም አልነበረኝ፣ የሚያስተዛዝነኝም አልነበረ። ይህን የምናገረው ሰበብ ለመፈለግ አይደለም። ወይም ለሰበብም ይሆናል፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

አሜሪካ ሳለሁ ያጠናሁት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ በአንዲት የሱፍ ከተማ ፋብሪካ የገቡ ሴቶችን ነው። ብዙ የነገሩኝ ስቴላ የሚባሉ የሰማንያ አምስት ዓመት ሴት ናቸው። ወላጆቻቸው ከፖላንድ የመጡ ነበሩ። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው፣ ወንዶቹ ሲዘምቱ፣ ማበጠሪያ ማሽን ላይ ቆሙ። ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤቶች፣ በየፎቁ አንድ ቤተሰብ፤ የፋብሪካው ፉጨት ሲጮኽ የሰፈሩ ደረጃ ሁሉ በሴት ጫማ ድምፅ ይሞላ ነበር። ቅዳሜ ደመወዝ ሲቀበሉ ቀይ የከንፈር ቀለም ገዝተው፣ ከጸጉራቸው ላይ የሱፍ ብናኝ እየተለቃቀሙ ወደ ዳንስ ቤት ይሄዱ ነበር። ወንዶቹ ሲመለሱ ማሽኑን ልቀቁ ተባሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፋብሪካው ራሱ ርካሽ ሠራተኛ ፍለጋ ወደ ደቡብ ሄደ። ከተማዋ ባዶዋን ቀረች።

ከመመረቂያ ጽሑፌ አንዱ ምዕራፍ ስለ ሻርፕ ነበር። ስደተኞቹ ሴቶች ከአገራቸው ይዘውት የመጡትን የትከሻ ሻርፕ በፋብሪካው በር ላይ እንዲያወልቁ ተገደዱ፤ ይህም አለቆቹ የሴቶቹን ገላና ወግ የገዙበት መንገድ ነው ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ ዳር ዳሩን በደስታ ምልክት ሞልቶ መለሰልኝ። የአርባ ስምንቱ ሚስማር ግድግዳ ፊት ስቆም እዚያ የጻፍኩት ነገር እዚህ ድረስ ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝ።

ማክሰኞና ሐሙስ መቅረጸ ድምፄን ይዤ ፋብሪካው መሄድ ጀመርኩ። የፈቀዱልኝ የምርት ኃላፊው አቶ በላይነህ ናቸው። ከሴቶቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ብዙነሽ በመጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ዶክተር ነሽ አሉ። እስቲ ወገቤን እዪልኝ።»

«የታሪክ ዶክተር ነኝ፣ እትዬ።»

«እንግዲያ የወገቤን ታሪክ ልንገርሽ፤ ቁጭ በይ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው መንደፊያው ላይ ሱፍ የምታጎርሰው ልጅ ነበረች። ዓለሚቱ ትባላለች፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቤቷ በክምር ድንጋይ በኩል፣ ከጉና ግርጌ። ፋብሪካው ውስጥ እንደ እሷ እጇ የሚፈጥን የለም ይባላል። በሳምንት አንድ ቀን ወደ ቤት ስትሄድ ከሚጠብቋት እናቷና የትራንስፖርት ረዳት ከሆነው ወንድሟ ከሙላቴ ሌላ ሰው የላትም። «አንቱ» ትለኛለች። አንቺ በይኝ ብዬ ብለምናት፣ «አፌ እንቢ አለኝ፤ የተማሩ ሰው ኖት» ትላለች።

በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሙላቴ የነበረበት ሚኒባስ ሐሙሲት አጠገብ ተገለበጠ። ሙላቴ ከዚያ አልተነሣም።

ከቀብሩ በኋላ በአምስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ዓለሚቱ ወደ ሥራ መጣች። ከል ለብሳለች። ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ አንገቷ ድረስ ተከናንባ፣ ትርፉን በወገቧ ዙሪያ አስራዋለች። ዘበኛው በሩ ላይ አቆማት።

«ነፍስ ይማር። በይ ነጠላሽን ስቀይ።»

«አልሰቅልም።»

«እንግዲያ አትገቢም።»

ሴቶቹ ከኋላዋ ተሰብስበው ቆሙ። እትዬ ብዙነሽ ከውስጥ ወጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ስትወጪ ልበሽው። ማሽኑ ሐዘንተኛ መሆንሽን በምን ያውቃል?»

«ሰውስ፣ እትዬ? የሙላቴ አፈር ሳይደርቅ ነጠላዋን ጥላ ገባች ይበሉኝ? የአገሬ ልጆች ስምንት ናቸው እዚህ። ማታውን እናቴ ጆሮ ይገባል።»

«ይግባ! እኔ ቅዳሜ ሄጄ ለእናትሽ እነግራታለሁ። ብዙነሽ አስወለቀችኝ በይ። ስድቡን ለእኔ ተዪልኝ።»

ዓለሚቱ አንገቷን ደፋች። ቀኝ እጇ ወደ ወገቧ ሄደ፤ ጣቶቿ ቋጠሮውን ያዙት። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ልትፈታው ነበር።

«ቆዪ፣ ዓለሚቱ» አልኩ። «እኔ አነጋግራቸዋለሁ።»

አቶ በላይነህ በቢሮአቸው ሻይ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከባሕር ዳር ተዛውረው የመጡ፣ ብርዱ የሚያማርራቸው፣ ከበላዮቻቸውም ከሴቶቹም ጋር ላለመጣላት የሚጨነቁ ሰው ናቸው።

«ደንብ ነው እኮ፣ ዶክተር» አሉኝ።

«ደንቡን ማን አወጣው? ከማሽኑ ጋር ተጭኖ የመጣ ደንብ ነው። ይቺ ልጅ ወንድሟን ቀብራ መምጣቷ ነው። ነጠላዋን ደጅ አስቀምጠሽ ግቢ ማለት ወንድምሽን ደጅ አስቀምጪው ማለት ነው።» ዓረፍተ ነገሩ ያማረ መሰለኝ። ለጽሑፌ እንዲሆን በልቤ ያዝኩት።

አቶ በላይነህ ብርጭቋቸውን አዞሩ። «እርስዎ በዚህ ነገር የተማሩ ኖት። እዚያ አገር ፋብሪካ ሲያጠኑ ኖረዋል። አደጋ የለውም ይላሉ?»

ጥያቄው ግልጽ ነበር። ቀጥ ብለው ዓይኔን እያዩ ነው የጠየቁኝ።

«በወገቧ ጠበቅ አድርጋ ካሰረችው ምን ይሆናል?» አልኩ።

«እንግዲህ እስከ አርባው። ከአርባው በኋላ አልሰማም።»

እትዬ ብዙነሽን አስጠርተው «ትግባ፤ ከነነጠላዋ» አሏቸው። እትዬ ብዙነሽ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ ወደ በሩ ሄዱ። ዓለሚቱ ስትገባ እጄን ስባ ሳመች፤ «እግዜር ያክብርልኝ» አለች። ያን ቀን ወደ ቤቴ የተመለስኩት በእግሬ ነው፤ ባጃጅ አላስፈለገኝም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም።

ከቀብሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ በፈትል ክፍሉ አንዲት ሴት እየቀረጽኩ ሳለ የመንደፊያው ድምፅ ተለወጠ። እንደወትሮው መጉረምረሙን ትቶ ማቃሰት ጀመረ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። ስደርስ እትዬ ብዙነሽ ማሽኑን አጥፍተውታል። ዓለሚቱ ጆንያ ለማንሣት ስታጎነብስ የነጠላው ጫፍ ከወገቧ ሾልኮ ነበር፤ ጥርሱ ያዘው። ነጠላው ተስቦ እንዳይወልቅ ወገቧ ላይ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። መላ ሰውነቷን ሲጎትታት ለማላቀቅ ቀኝ እጇን ሰደደች።

ሌላውን አልጽፈውም። እጇ ሆስፒታል ውስጥ ከአንጓው ላይ ተቆረጠ።

በሦስተኛው ቀን ልጠይቃት ሄድኩ። ስታየኝ አለቀሰች፤ ያኔ ነው አንቱታውን የተወችው። «መጣሽልኝ፣ እህቴ» አለችኝ። ለአንድ ዓመት ስለምናት የኖርኩት ቃል ነው። ሳገኘው የምገባበት ጠፋኝ።

በሳምንቱ ፋብሪካው ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቋመ። ነገሩ አንድ ነበር። ዓለሚቱ በራሷ ፈቃድ ደንብ ጥሳ ከገባች ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ያለ አንዳች ነገር ትሰናበታለች። ተፈቅዶላት ከገባች ግን ፋብሪካው በሌላ ሥራ ሊያቆያት ግድ ነው። በአንድ እጇ ሌላ የሚቀጥራት እንደማይኖር ሁላችንም እናውቃለን። የእናቷ የገብስ ማሳ ለአንድ ሰው እንኳ ዓመት አያደርስም።

አቶ በላይነህ ከወረቀታቸው ላይ ቀና ሳይሉ ተናገሩ። «ወደ ግቢው ትግባ አልኩ እንጂ ማሽን ላይ ትቁም አላልኩም።»

«ዓይኔን እያየህ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «ከነነጠላዋ አላልከኝም?»

«እርስዎ የልጅቷ ወገን ኖት።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ እኔ ዞሩ። «ዶክተር፣ በዚያን ቀን ቢሮው ውስጥ እርስዎ ነበሩ። ፈቃድ ተሰጥቷል?»

«አዎ» ብል ምን እንደሚከተል አውቅ ነበር። ማን ጠየቀ? እርስዎስ ስለ አደጋው ምን አሉ? ብርጭቆው ሲዞር፣ እኔም «ምን ይሆናል» ስል ታየኝ።

«ስለ ባህል በጠቅላላው ተነጋግረናል» አልኩ። «ዝርዝሩን በትክክል አላስታውስም።»

እትዬ ብዙነሽ አልተቆጡም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሻሻቸውን አስተካክለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዓለሚቱ ገና ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ተሰናበተች። ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ይግባኝ ለማለት አሥራ አምስት ቀን ነበራት።

በቀጣዩ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ያልፈታሁትን ሻንጣ ከፈትኩ። የስቴላ ቃለ መጠይቆች የተቀረጹበት ዕቃ እዚያ ውስጥ ነበር። የምፈልገውን አውቅ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ሰምቼው፣ ሳልጽፈው የተውኩት ነገር ነው። የረሳሁት ግን አልነበረም። ለምዕራፌ ስለማይመች አውጥቼ የጣልኩት ነው።

የስቴላ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ መጣ።

«ያን ደንብ አለቆቹ ያወጡት መስሎሻል? እኛ ነን ያስወጣነው። ኮንቼታ የምትባል ነበረች፤ ባሏ ሞቶባት ጥቁር ሻርፕ አታወልቅም። ማሽኑ በሻርፏ ጎተታት። አለቃው ደግሞ ‹ራሷ ናት ያጠፋችው› አለ። በማግስቱ ሥራ አቁመን፣ በሩ ላይ ሻርፕ መስቀያ ካልተመታ አንገባም አልን። ሽርጣችንንም ከዚያ ወዲያ ከፊት ነው የምናስረው፤ በአንድ መሳብ በሚፈታ ቋጠሮ። ልጆቻችንን ከማስተማራችን በፊት እሱን ነበር የምናስተምረው።»

ቀጥሎ የእኔ ድምፅ መጣ፤ ወጣት፣ ቸኳላ። «ይገባኛል። ግን ሻርፑን ሲያወልቁ ውስጥዎ ምን ተሰማዎት?»

ከዚያ ስቴላ፦ «ሞቆኝ ስለነበር ደስ አለኝ።»

ያኔ በዚህ መልስ ስቄ ነበር። ሳቄም ተቀርጿል።

ሰኞ ጠዋት ወደ ክምር ድንጋይ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ልነግራት ቆርጬ ነበር። ከመንገዱ ወርጄ ግማሽ ሰዓት ያህል በገብስ ማሳዎች መሐል ወጣሁ፤ ከጉና የሚወርደው ነፋስ ፊት ይገርፋል። ዓለሚቱ በቤታቸው ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቀች ነበር። የታሰረ ክንዷ ከነጠላው ሥር ነው። ያ ነጠላ አይደለም፤ ያ አልተረፈም። ሌላ ነው።

እናቷ ወጥተው ትከሻዬን ሳሙኝ፤ ደጋግመው ሳሙኝ። ጆሯቸው ደከም ያለ ስለሆነ ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት። «ልጄን ያስከበርሽ! ወንድሟን በወጉ እንድታዝን ያደረግሽ! ግቢ፣ ግቢ።» ትኩስ ድንች በአዋዜ አቀረቡልኝ።

«አንቺ ባትኖሪ እኮ» አለች ዓለሚቱ፣ «ሙላቴን እንደ ባዳ ነበር የምሸኘው። እጄ እንደሆን የእግዜር ፈቃድ ነው።»

የያዝኩትን ድንች ወደ ሳህኑ መለስኩት።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለች። «ማመልከቻ ጻፊልኝ። ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ግን የምጽፈው በቀኜ ነበር።» ፈገግ አለች። «በግራዬ ስሜን እየተለማመድኩ ነው። ‹ዓ› እንቁራሪት ትመስልብኛለች።»

ጻፍኩላት። «ፋብሪካው ነጠላዬን ለብሼ እንድሠራ ፈቅዶልኛል» ስትለኝ ጻፍኩ። «የሰሙ ምስክሮች አሉኝ» ስትለኝ ጻፍኩ። «እትዬ ብዙነሽ ይመሰክሩልኛል፤ አንቺም አለሽ» ስትለኝ ብዕሬ ቆመ።

«ምነው?»

«ምንም። እጄ ደንዝዞ ነው።»

እጄ አልኩ። ለእሷ። ደንግጬ ቀና ስል ልብ ያለችው አይመስልም። እናቷ ድንች ጨመሩልኝ። በላሁ። ሳልነግራት ተመለስኩ፤ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘችኝ።

በቀጠሮው ቀን የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮው ጠባብ ክፍል ሞልቶ ነበር። ጉዳዩን የሚያዩት ወይዘሮ እሌኒ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉት ሴት ናቸው። አቶ በላይነህ የፋብሪካውን ፋይል ይዘዋል። እትዬ ብዙነሽ ፈቃድ ቢከለከሉም ከሥራ ቀርተው ነው የመጡት፤ ለዚህ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ። ዓለሚቱና እናቷ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

እትዬ ብዙነሽ የሰሙትን ተናገሩ። አቶ በላይነህ ካዱ። ወይዘሮ እሌኒ ስሜን ጠሩ።

ተነሣሁ።

«አቶ በላይነህ ፈቅደዋል» አልኩ። «‹እስከ አርባው› ነው ያሉት። ኮሚቴው ፊት አላስታውስም ያልኩት ውሸቴን ነው። ፈቃዱን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ዓለሚቱ አልጠየቀችም፤ እትዬ ብዙነሽ አሳምነዋት ነጠላዋን ልትፈታው እጇ ቋጠሮው ላይ ነበር። ያስቆምኳት እኔ ነኝ።» ወደ አግዳሚው ማየት አልቻልኩም። «አቶ በላይነህ አደጋ የለውም ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ጠበቅ አድርጋ ካሰረችው ምንም አይሆንም ብያለሁ። እንደሚሆን ግን አውቅ ነበር። በተማርኩበት አገር እንዲህ ባለ ማሽን ላይ የቆሙ ሴት በሻርፕ ስለተጎተተች ጓደኛቸው ነግረውኛል፤ ቀርጬዋለሁ። ለጽሑፌ ስላልተመቸኝ ጣልኩት።»

ቀድመው የተናገሩት አቶ በላይነህ ናቸው።

«ይኸው! ራሳቸው አመኑ። ጥፋቱ የእሳቸው እንጂ የፋብሪካው አይደለም።»

«ፋብሪካው የእሳቸው ነው?» አሉ ወይዘሮ እሌኒ መነጽራቸውን ከግንባራቸው እያወረዱ።

«አይደለም፣ ግን…»

«ዘበኛውን ‹ክፈት› ያለው ማን ነው?»

አቶ በላይነህ ፋይላቸውን ገለጡ፤ የሚፈልጉት ነገር እዚያ ውስጥ አልነበረም።

ውሳኔው በአምስተኛው ቀን ተነገረ። ዓለሚቱ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ከማሽን ርቃ ሱፍ በመለየት። እኔን የሚመለከት አንድ መስመር አልነበረበትም። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ስሜን እየፈለግሁ።

ግን ከዚያ በፊት፣ የምስክርነቱ ቀን፣ ከቢሮው ስንወጣ ዓለሚቱ ግቢው ውስጥ ጠበቀችኝ። እናቷ የተባለውን አልሰሙም። መጥተው እንደለመዱት ትከሻዬን ሳሙኝ፤ «ዋስ ጠበቃችን» አሉ ጮክ ብለው። ዓለሚቱ እናቷን በግራ እጇ ቀስ አድርጋ ወደ ጎን አደረገቻቸው።

«ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

አንቱታው ተመለሰ።

«አውቅ ነበር።»

«ነግረውኝ ቢሆን አወልቀው ነበር እኮ» አለች። «ውጭ እለብሰው ነበር። ሙላቴ በዚህ አይቀየመኝም። ቀልደኛ ነበር።»

«ዓለሚቱ…»

«ሁሉም ሰው ስለ ሐዘኔ ነው የተናገረው። ስለ ማሽኑ የነገሩኝ እትዬ ብዙነሽ ብቻ ናቸው። እኔም የተማረ ሰው ይሻላል ብዬ…» አልጨረሰችውም። እናቷን ይዛ ወደ መናኸሪያው ሄደች።

የተመለሰችው በመጋቢት ነው። ማክሰኞ ነበር፤ የእኔም ቀን። መሄድ አልነበረብኝም ይሆናል። በሩ ላይ ቆሜ ሳለ ሴቶቹ መጡ፤ ዓለሚቱ በመሐላቸው። ከሉ አሁንም አልወጣም። ወደ ሚስማሯ ሄደች፤ ነጠላዋን በግራ እጇ ከትከሻዋ ሳበችና ለመስቀል ሞከረች። ወደቀ። ማንም አልነካላትም። አንሥታ አራገፈችው፤ በሁለተኛው ተሰቀለላት።

ከዚያ ሽርጧን አወጣች። አንዱን ማሰሪያ ይዛ ሌላው ከኋላዋ ተንጠለጠለ። አንድ እርምጃ ጠጋ አልኩ።

«ላስርልሽ?»

«አይድከሙ» አለችና ጀርባዋን ለእትዬ ብዙነሽ ሰጠች።

እትዬ ብዙነሽ ማሰሪያዎቹን ወደ ፊት አዙረው ሆዷ ላይ ማሰር ጀመሩ። ዝም ማለት አልቻልኩም። «እትዬ፣ በአንድ መሳብ የሚፈታ ቢያደርጉት…»

«እናውቀዋለን» አሉ ሳያዩኝ። ጫፉን ይዘው አንዴ ሳብ አደረጉት፤ ሽርጡ ወለል ብሎ ተፈታ። መልሰው አሰሩት። «ሚስማሮቹን የመታኋቸው እኔ ነኝ። ፋብሪካው በተከፈተ በሁለተኛው ወር መንደፊያው ሻሼን ወሰደው፤ ራሴ ለጥቂት ተረፈ። ሴቶቹን ሰብስቤ፣ መዶሻ ከጎረቤት ተውሼ መታሁት። አቶ በላይነህ ያኔ ገና አልመጣም።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ። «ይሄን ሁሉ ማክሰኞ ስትመላለሺ፣ የወገቤን ታሪክ ሳይቀር ስትጠይቂኝ፣ ይሄን ብትጠይቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር።»

ሴቶቹ ገቡ። ጥቂት ቆይቶ መንደፊያው መጉረምረም ጀመረ።

«ዛሬ አይገቡም?» አለኝ ዘበኛው።

መቅረጸ ድምፁ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ግድግዳው ነጭ ሆኗል። ገና በመጀመሪያው ቀን አርባ ስምንት ብዬ ቆጥሬ፣ ቁጥሩን ከሥሩ አስምሬበት ነበር። ማን መታቸው ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

«አልገባም» አልኩት።